ከጣና ዳር ወደ ባሕር ሬዲዮ፦ ለኦፕሬተርነት የሚያስፈልጉ ምስክር ወረቀቶችና ክህሎቶች

በባሕር ዳር ከተማ ስለ ባሕር ሬዲዮ አሠራር ለማወቅ የሚፈልጉ ሰዎች በአብዛኛው ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው በባሕርተኝነት ሙያ ሠልጥኖ በውቅያኖስ በሚመላለሱ የንግድ መርከቦች ላይ ለመቀጠር የሚያስብ ወጣት ነው። ሌላው ከጣና ሳይወጣ ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅ፣ ወደ ቁንዝላና ወደ ጎርጎራ ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ የጀልባ ካፒቴን ወይም የጀልባ ባለቤት ነው። ሁለቱ የሚይዙት መሣሪያ ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል፤ የሚጠየቁት ወረቀት ግን የተለያየ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለሁለቱም ነው፤ ልዩነት ባለበት ቦታ ለየትኛው ወገን እንደሆነ በግልጽ ይጠቀሳል።

ሕጉ ማንን ይመለከታል

ዓለም አቀፉን ግዴታ የሚጥሉት ሦስት ሰነዶች ናቸው። ሶላስ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የባሕር ላይ የሰው ሕይወት ደኅንነት ስምምነት፣ በአራተኛው ምዕራፉ፣ በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ የተሰማሩ የመንገደኞች መርከቦችና ጠቅላላ ቶኔጃቸው 300 እና ከዚያ በላይ የሆነ የጭነት መርከቦች ምን ዓይነት ሬዲዮ መያዝ እንዳለባቸው ይወስናል። ኤስቲሲደብሊው የሚባለው የ1978 ስምምነት ደግሞ፣ በኋላ በ1995 እና በ2010 ከተደረጉበት ማሻሻያዎች ጋር፣ በዚያ ሬዲዮ ላይ የሚቀመጠው ሰው ምን ዓይነት ሥልጠናና ምስክር ወረቀት ሊኖረው እንደሚገባ ይደነግጋል። ሦስተኛው የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሬዲዮ ደንብ ሲሆን፣ ስለ ፍሪኩዌንሲ አጠቃቀም፣ ስለ ጥሪ ሥርዓትና ስለ ኦፕሬተሮች የምስክር ወረቀት ዓይነቶች ይናገራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተጻፈው የአዋጅ ቁጥር በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤስቲሲደብሊው በውስጥ የውኃ አካል ላይ ብቻ የሚንቀሳቀሱ መርከቦችን ከሚመለከታቸው ውጭ ያደርጋል። ስለዚህ በጣና ላይ ብቻ የሚሠራ የጀልባ ካፒቴን ከዚህ በታች የሚዘረዘሩትን ዓለም አቀፍ ምስክር ወረቀቶች እንዲይዝ በስምምነቱ አይገደድም፤ ለእርሱ የሚሠራው የአገሩ ሕግ ነው። ይህ ማለት ግን ሬዲዮ ገዝቶ፣ አንቴና ሰቅሎ መናገር ይችላል ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ማንኛውም ሰው መሣሪያውን ከመግዛቱ በፊት፣ በተለይም ከውጭ አገር ከማስመጣቱ በፊት፣ ፈቃዱን እዚያ መጠየቅ ይኖርበታል። ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ ወረቀት መፈለግ ይጀምራል፤ ይህ ጊዜና ገንዘብ የሚያስከፍል አካሄድ ነው።

እዚህ ላይ የጣቢያ ፈቃድና የኦፕሬተር ምስክር ወረቀት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መለየት ይገባል። የጣቢያ ፈቃድ የሚሰጠው ለመርከቧ ወይም ለጀልባዋ ሲሆን፣ የጥሪ ምልክቷንና ኤምኤምኤስአይ የሚባለውን ባለ ዘጠኝ አኀዝ መለያ ቁጥሯን ይይዛል። የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክቶች ኢቲ በሚሉት ፊደላት ወይም ከ9ኢ እስከ 9ኤፍ ባለው ክልል የሚጀምሩ ሲሆን፣ የመርከቦቿ መለያ ቁጥር ደግሞ በ624 ይጀምራል። የኦፕሬተር ምስክር ወረቀት ግን የሰውየው ነው፤ መርከብ ሲቀይር አብሮት ይሄዳል።

የምስክር ወረቀቶቹ ዓይነት

ጂኤምዲኤስኤስ የተባለው ዓለም አቀፍ የባሕር አደጋና ደኅንነት መገናኛ ሥርዓት በ1992 ሥራ ላይ መዋል ጀምሮ በ1999 ሙሉ በሙሉ ሲተገበር፣ በሞርስ ኮድ ይሠራ የነበረው የሬዲዮ ኦፊሰር ሥራ በአብዛኛዎቹ መርከቦች ላይ ቀረ። ሬዲዮውን የመያዝ ኃላፊነት ወደ መርከብ አዛዡና መርከቡን ወደሚነዱት መኮንኖች፣ ማለትም ወደ ዴክ ኦፊሰሮቹ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ በብዛት የሚፈለገው ጂኦሲ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚጠራው የአጠቃላይ ኦፕሬተር ምስክር ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት በአራቱም የባሕር ቀጣናዎች ለመሥራት ያስችላል። እነዚህም ከባሕር ዳርቻ ቪኤችኤፍ በሚባለው የአጭር ርቀት ሬዲዮ ጣቢያ የሚሸፈነው ኤ1፣ በመካከለኛ ሞገድ የሚሸፈነው ኤ2፣ በሳተላይት የሚሸፈነው ኤ3 እና የዋልታ አካባቢዎችን የያዘው ኤ4 ናቸው። አርኦሲ የሚባለው ውሱን ምስክር ወረቀት ግን በኤ1 ብቻ ለሚንቀሳቀስ መርከብ የሚያገለግል ነው። ከእነዚህ ሌላ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ የሬዲዮ ኤሌክትሮኒክስ ምስክር ወረቀቶች አሉ፤ እነርሱ ከአጠቃቀም አልፈው መሣሪያውን በባሕር ላይ እያሉ ለመጠገን የሚያበቁ ናቸው። በአውሮፓ ደግሞ በግዴታው ለማይያዙ የመዝናኛ ጀልባዎች የአጭርና የረጅም ርቀት ምስክር ወረቀቶች ይሰጣሉ፤ ለቅጥር የሚፈልግ ሰው በእነዚህ ባይደክም ይሻላል።

ጂኦሲ ለማግኘት ዕድሜ ከ18 ዓመት ማነስ የለበትም፤ የታወቀ ሥልጠና መከታተል፣ የጽሑፍና የተግባር ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። በመርከብ ላይ ለመሥራት ደግሞ የባሕርተኛ የጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። በምርመራው የመስማት ችሎታ አንዱ ጉዳይ ነው። ሥልጠናው የሚሰጥበት ተቋም በባሕር አስተዳደሩ ዕውቅና ያለው መሆኑን ሳያረጋግጡ ክፍያ መፈጸም አይገባም፤ ዕውቅና ከሌለው ተቋም የተገኘ ወረቀት መርከብ ላይ ዋጋ የለውም።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የባሕርተኞች ማሠልጠኛ የምሕንድስና ምሩቃንን ተቀብሎ በማሪን ኢንጂነርነትና በኤሌክትሮ ቴክኒካል ኦፊሰርነት ሲያሠለጥን የቆየ በመሆኑ፣ ከዚያ የሚወጡ ወጣቶች ጂኦሲ ያስፈልገናል ወይ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። በስምምነቱ መሠረት ጂኦሲ ግዴታ የሚሆነው የሬዲዮ ሥራ ለሚያከናውን ሰው፣ በተለይም ለዴክ ኦፊሰር ነው፤ ለኤሌክትሮ ቴክኒካል ኦፊሰር ግዴታ አይደለም። ሆኖም የመርከቡን የመገናኛ መሣሪያ መጠገን የእርሱ ሥራ ስለሆነ፣ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራበት ሳያውቅ ብልሽቱን መፈለግ አስቸጋሪ ነው። ዕድሉን ያገኘ ሰው ቢወስደው ጥሩ ነው ባይ ነኝ።

ማዳመጥ

የሬዲዮ ኦፕሬተር ቀዳሚ ሥራ ማዳመጥ ነው። በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም በአቅራቢያዋ ካሊፎርኒያን የተባለች መርከብ ነበረች፤ ያላት ብቸኛ የሬዲዮ ኦፕሬተር ግን ሥራውን ጨርሶ መሣሪያውን ዘግቶ ተኝቶ ስለነበር የድረሱልኝ ጥሪውን አልሰማም። የመጀመሪያው የሶላስ ስምምነት በ1914 የተፈረመው ይህን አደጋ ተከትሎ ነው።

በማሪን ቪኤችኤፍ የአደጋና የመጥሪያ ቻናል 16 ሲሆን ፍሪኩዌንሲው 156.8 ሜጋኸርዝ ነው። ቻናል 70፣ ማለትም 156.525 ሜጋኸርዝ፣ ዲኤስሲ ለሚባለው የዲጂታል ጥሪ ብቻ የተተወ ስለሆነ በድምፅ ፈጽሞ አይነገርበትም። ሬዲዮው ሲከፈት የመጀመሪያው ሥራ ስኩዌልች የሚባለውን መቆጣጠሪያ ማስተካከል ነው። መቆጣጠሪያውን ከዝቅተኛው ጀምረው የሹሹታው ድምፅ እስኪቋረጥ ድረስ ብቻ ቀስ ብለው ይጨምሩ፤ እዚያው ላይ ያቁሙ። ጸጥታ ፈልገው ከዚያ በላይ ካጠበቁት ከሩቅ የሚመጣ ደካማ ድምፅ ተቆርጦ ይቀራል፤ ደካማ ሆኖ የሚመጣው ጥሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ ወይም ባትሪው ካለቀበት ሰው የሚመጣ ነው።

በሬዲዮ የተባለው ሁሉ ለቻናሉ አዳማጭ ሁሉ ይደርሳል፤ ሞባይል የለመደ ሰው ይህን ቶሎ ይረሳል። ሆኖም ለእርስዎ ያልተላከን መልእክት በአጋጣሚ ቢሰሙ ለሌላ ማውራት በዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ የተከለከለ ነው። ወደቡ ላይ ሲቀልዱበት የሚሰማው ወሬ ብዙ ጊዜ ከዚህ ክልከላ የሚጋጭ መሆኑን የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው።

መናገር

ማይክሮፎኑን ከአፍዎ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አርቀው ይያዙ፤ ከመናገርዎ በፊት ቻናሉ ላይ ሌላ ሰው እንደሌለ ያዳምጡ፤ ቁልፉን ይጫኑና ለአንድ አፍታ ቆይተው ይናገሩ። ቁልፉን እንደተጫኑ ወዲያው ከጀመሩ የመጀመሪያው ቃል ተቆርጦ ይቀራል፤ ያ ቃል ደግሞ የሚጠሩት ጀልባ ስም ነው። ጨርሰው ቁልፉን ካልለቀቁ ቻናሉ ይዘጋል። ማይክሮፎኑ ከመስቀያው ወድቆ በመቀመጫና በጀልባው ጎን መካከል ተሰክቶ ቁልፉ እንደተጫነ ቢቀር፣ በአካባቢው ያለ ሰው ሁሉ የሞተርዎን ድምፅ ከማዳመጥ በቀር ምንም ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ማይክሮፎን በመስቀያው ላይ ካልሆነ በእጅ ነው እንጂ ሌላ ቦታ የለውም።

ጥሪ ሲያደርጉ መጀመሪያ የሚጠሩትን፣ ቀጥሎ የራስዎን ስም ይናገሩ። ግንኙነቱ እንደተፈጠረ ከቻናል 16 ወደ ሌላ የሥራ ቻናል ይሻገሩ። ወደብ ውስጥ ወይም አጠገብ ላለ ጀልባ ሲናገሩ ኃይሉን ከ25 ዋት ወደ 1 ዋት ይቀንሱ። መልስ ሲጠብቁ ኦቨር፣ ንግግሩ ሲያበቃ አውት ይባላል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማለት እርስ በርሱ የሚቃረን ነው።

ከኢትዮጵያ ውጭ ለሚሠራ ሰው ትልቁ ክህሎት የባሕር እንግሊዝኛ ነው። የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2001 ያጸደቃቸው መደበኛ የባሕር መገናኛ ሐረጎች አሉ፤ እነርሱን በቃል ማጥናት ረጅም የሰዋስው ትምህርት ከመከታተል ይበልጥ ይጠቅማል። ፊደላት የሚጠሩት አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ፣ ዴልታ እያሉ እስከ ዙሉ ሲሆን፣ ቁጥሮች ደግሞ አኀዝ በአኀዝ ይነገራሉ፤ ማለትም 150 ሲሆን አንድ፣ አምስት፣ ዜሮ ይባላል። አማርኛ ተናጋሪ በሚቸገርበት አንድ ቦታ ላይ ደንቡ ራሱ ይረዳዋል፦ የእንግሊዝኛው ሦስት ቁጥር በሬዲዮ ላይ እንዲጠራ የተደነገገው ትሪ ተብሎ ነው፤ አምስት ፋይፍ፣ ዘጠኝ ናይነር፣ ሺህ ደግሞ ታውዛንድ ይባላሉ። ምላስን በጥርስ መካከል ለማውጣት መጨነቅ አያስፈልግም። በሌላ በኩል የፒና የቢ ፊደላት መምታታት እውነተኛ ችግር ስለሆነ ስምን በፊደል ሲቆጥሩ ፓፓና ብራቮ ማለትን ልማድ ያድርጉ።

ሰዓትና ቦታ

ከሰሜን ዋልታ እስከ ደቡብ ዋልታ ያለ የመርከብ ሬዲዮ መዝገብ የሚጻፈው ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ለእኛ ይህ ሁለት ጊዜ መመንዘር ይመስላል፤ መጀመሪያ ከኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር ወደ ውጭው፣ ከዚያ ደግሞ ሦስት ሰዓት መቀነስ። በእርግጥ ግን አንድ እርምጃ ይበቃል። የቀኑ ሰዓት ላይ ሦስት ቢደመር ዩቲሲ ይገኛል፤ ጠዋት 3 ሰዓት ማለት 06፡00 ዩቲሲ ነው፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት 11፡00 ነው። የሌሊቱ ሰዓት ላይ ደግሞ አሥራ አምስት ይደመራል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት 16፡00 ይሆናል፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት 21፡00 ይሆናል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ድምሩ 24 ይሞላል፤ በመዝገቡ ላይ ቀኑ የሚለወጠው በዚህች ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ከድምሩ 24 ይቀነሳል። በጣና ላይ ለራስዎ በሚይዙት መዝገብ የኢትዮጵያን ሰዓት ቢጠቀሙ የሚከለክልዎ የለም፤ ነገር ግን ከሁለቱ አንዱን መርጠው በየገጹ አናት ላይ የትኛው እንደሆነ ይጻፉ። ግማሹ በዚህ ግማሹ በዚያ የተጻፈ መዝገብ ከአደጋ በኋላ ሲመረመር ምንም አይረዳም።

ቦታን በኬንትሮስና በኬክሮስ መናገርም እንዲሁ ልምምድ ይጠይቃል። ባሕር ዳር በግምት 11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜን፣ 37 ዲግሪ ከ23 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ትገኛለች። የሰሜንና ደቡብ አኀዝ በሁለት፣ የምሥራቅና ምዕራብ አኀዝ ግን በሦስት ቁጥር ይነገራል፤ ስለዚህ 37 የሚለው ዜሮ ሦስት ሰባት ተብሎ ይጠራል። ጂፒኤስ ላይ የሚታየው ቁጥር ብዙ ጊዜ በዲግሪና በአሥርዮሽ ስለሚሆን፣ አሥርዮሹን በ60 አባዝቶ ወደ ደቂቃ መለወጥ ያስፈልጋል፤ 11.60 ዲግሪ ማለት 11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ነው እንጂ ከ60 ደቂቃ አይደለም። በጂፒኤሱ ማስተካከያ ውስጥ ገብተው አንድ ጊዜ ወደ ዲግሪና ደቂቃ ቢቀይሩት ግን ይህ ሁሉ ስሌት ይቀራል። በጣና ላይ ከቁጥሩ በተጨማሪ ሰው የሚያውቀውን ምልክት መጥራት ይገባል፤ ከክብራን ገብርኤል በስተሰሜን፣ ከዳጋ እስጢፋኖስ በስተምሥራቅ ቢባል ጂፒኤስ የሌለው ታንኳ ቀዛፊም ሳይቀር ሊደርስ ይችላል።

ሬዲዮው የት ድረስ ይሰማል

ይህን ክፍል በተለይ የጣና ካፒቴኖች በጥሞና እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። ቪኤችኤፍ የሚጓዘው በቀጥታ መስመር፣ በግምት እስከ አድማስ ድረስ ነው። ርቀቱን የሚወስነው በዋነኛነት የአንቴናው ከፍታ ነው። የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ወስደው ስኩዌር ሩቱን በ4.12 ቢያባዙት የሬዲዮ አድማሱን በኪሎ ሜትር ያገኛሉ፤ የተናጋሪውና የአዳማጩ ሲደመር ሁለቱ ሊነጋገሩ የሚችሉበት ርቀት ይሆናል። አንቴናዋ ከውኃው 4 ሜትር ከፍ ያለ ጀልባ 8 ኪሎ ሜትር ያህል አድማስ አላት፤ ስለዚህ ሁለት እንዲህ ያሉ ጀልባዎች እስከ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነጋገራሉ። ወደቡ ላይ 25 ሜትር ምሰሶ ቢኖር ርቀቱ ወደ 29 ኪሎ ሜትር ያድጋል። በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ ይዘው ጀልባ ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች ደግሞ ከ11 ወይም ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ አይደማመጡም።

እነዚህን ቁጥሮች በሐይቁ ላይ ያስቀምጧቸው። ዘጌ ዳርቻ ያለ ጀልባ ከባሕር ዳር ጋር ያለ ችግር ይነጋገራል። ደቅ ደሴት 30 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ስለሚርቅ የወደቡ አንቴና ከፍ ያለ ካልሆነ በስተቀር ግንኙነቱ አጠራጣሪ ነው። ጎርጎራ ግን ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ በመሆኑ፣ የቱንም ያህል ውድ ሬዲዮ ቢገዛ፣ ከባሕር ዳር ወደብ በቀጥታ በተለመደ አንቴና አይደረስበትም። ከ5 ዋት ወደ 25 ዋት ማሳደግ ድምፁን ያጠራዋል እንጂ አድማሱን አይገፋውም። ስለዚህ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ ከፍ ባለ አንቴናና በጥሩ ገመድ ላይ ቢያወጣ ይሻለዋል፤ ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ መሐል ላይ ያለ ጀልባ መልእክት ተቀብሎ የሚያስተላልፍበትን ልማድ ከሌሎች ካፒቴኖች ጋር መስማማት ያስፈልጋል።

አንዳንዶች መካከለኛ ሞገድ ይህን ችግር ይፈታል ብለው ያስባሉ፤ በመጻሕፍት ላይ 2182 ኪሎኸርዝ ከ100 ኖቲካል ማይል በላይ እንደሚደርስ ተጽፎ ያገኙታልና። ያ ርቀት ግን በጨው ውኃ ላይ ነው። የጣና ውኃ ጨው የሌለው በመሆኑ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከባሕር ውኃ በጣም ያነሰ ነው፤ በውኃው ላይ ተጠግቶ የሚጓዘው ሞገድም ቶሎ ይደክማል።

ከሁሉ በፊት ግን ሌላው ጫፍ ላይ ማን እንደሚያዳምጥ ይወቁ። በውቅያኖስ ዳርቻ ያሉ አገሮች ሌት ተቀን የሚያዳምጡ ጣቢያዎች አሏቸው፤ በሐይቅ ላይ ግን የሚያዳምጠው ሰው በስም የሚታወቅ፣ የሥራ ሰዓቱም የተወሰነ መሆን አለበት። ከመነሣትዎ በፊት የሬዲዮ ሙከራ ጥሪ አድርገው የሚመልስልዎ ካላገኙ፣ ሬዲዮ የለኝም ብለው አስበው ሞባይልዎንና የጉዞ ዕቅድዎን ያዘጋጁ።

የአደጋ ጥሪ

ሦስት ዓይነት የቅድሚያ ጥሪዎች አሉ። ሜይዴይ ሰው ወይም ጀልባ ከባድና አጣዳፊ አደጋ ላይ ሲሆን፣ ፓንፓን አስቸኳይ ቢሆንም ገና ለሕይወት የማያሰጋ ነገር ሲያጋጥም፣ ሴኪዩሪቴ ደግሞ የአየር ጠባይና የጉዞ ማስጠንቀቂያ ለማሰማት ነው። በሐይቁ መካከል ሞተር ቆሞ ነፋስ የሌለበት ጀልባ ፓንፓን ነው፤ ያው ጀልባ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ወደ ድንጋያማ ዳርቻ እየተገፋ ከሆነ ግን ሜይዴይ ነው። ውሳኔው የካፒቴኑ ነው፤ የአደጋ ጥሪ የሚሰራጨው በእርሱ ትእዛዝ ብቻ ነው።

ዲኤስሲ ያለው ሬዲዮ ቀይ ቁልፍ አለው፤ ክዳኑን ከፍተው ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነው ይያዙት። መሣሪያው መለያ ቁጥርዎን፣ ጂፒኤስ ከተገናኘለት ደግሞ ቦታዎንና ሰዓቱን ይልካል፤ መልስ እስኪያገኝ ድረስም በየአራት ደቂቃው ገደማ ይደጋግመዋል። መለያ ቁጥሩ ካልተመዘገበበት ግን ቁልፉ አይሠራም። ከዚያ በቻናል 16 በድምፅ ይቀጥሉ። ንጋት የምትባል ጀልባ ብትኖር ጥሪዋ እንዲህ ይሆናል፦

ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ። ይህ ንጋት፣ ንጋት፣ ንጋት ነው። ሜይዴይ፣ ንጋት። ያለሁበት ቦታ አንድ አንድ ዲግሪ፣ አራት ሁለት ደቂቃ ሰሜን፤ ዜሮ ሦስት ሰባት ዲግሪ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ ምሥራቅ፤ ከዘጌ በስተምሥራቅ። ውኃ እያስገባሁ ነው፤ ሞተሩ ቆሟል። አስቸኳይ እርዳታ እፈልጋለሁ። ጀልባው ላይ አንድ አራት፣ አሥራ አራት ሰው አለ፤ ሁሉም የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሰዋል። ኦቨር።

ቅደም ተከተሉ እንዲሁ የተደረገ አይደለም። ሬዲዮው ከመጀመሪያዎቹ አራት ዐረፍተ ነገሮች በኋላ ቢጠፋ እንኳ ማን እንደሆኑና የት እንዳሉ ተሰምቷል፤ የሰው ብዛትና ሌላው ዝርዝር ኋላ የመጣው ለዚህ ነው። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ በአኀዝ አንድ ጊዜ በሙሉ መጥራት፣ አሥራ አራትን ከአርባ ጋር ከማምታታት ያድናል። በጣና ላይ አዳማጩ ሁሉ አማርኛ ስለሚችል መልእክቱ በአማርኛ ቢሆን የተሻለ ነው፤ ሜይዴይ የሚለው ቃል ግን እንዳለ ይቆይ። ይህን ጽሑፍ በወፍራም ወረቀት ላይ ጽፈው፣ ለቁጥሮቹ ባዶ ቦታ ትተው፣ በላስቲክ ሸፍነው ከሬዲዮው አጠገብ ይለጥፉት፤ ከካፒቴኑ ሌላ ቢያንስ አንድ ረዳት ጮክ ብሎ አንብቦ ይለማመደው።

ሌላው ጀልባ ያሰማውን ሜይዴይ ከሰሙ መጀመሪያ ዝም ብለው መልእክቱን ይጻፉ። የሚመልስ ከሌለ እርስዎ ይመልሱ፤ ራስዎ መርዳት ካልቻሉ ሜይዴይ ሪሌይ ብለው ጀምረው የባለአደጋውን ስምና ቦታ ወደ ፊት ያስተላልፉ። ቀይ ቁልፉ በስሕተት ተነክቶ ከሆነ ደግሞ ሬዲዮውን አጥፍቶ መደበቅ ከሁሉ የከፋ ነው። ጥሪውን በመሣሪያው ላይ ያቋርጡ፣ ወደ ቻናል 16 ይሂዱ፣ ስምዎንና መለያ ቁጥርዎን ተናግረው ጥሪው የተሰረዘ መሆኑን ለሁሉም ያሳውቁ። በሌላ አገር እንዲህ ያለውን ስሕተት ወዲያው ያሳወቀ ሰው በተለምዶ አይቀጣም፤ ያልተናገረው ግን ሄሊኮፕተር አስነሥቶ ሊሆን ይችላል።

ባትሪ፣ ገመድና ሙከራ

25 ዋት ሬዲዮ ሲናገሩበት ከ12 ቮልት ባትሪ 5 ወይም 6 አምፔር ያህል ይስባል፤ ሲያዳምጥ ግን የሚፈልገው ከአንድ አምፔር በታች ነው። ቀኑን ሙሉ ማዳመጥ ባትሪ አይጨርስም፤ ሞተር ለማስነሣት ደጋግሞ መሞከር ግን ይጨርሳል፤ ሞተር እምቢ ያለ ቀን ደግሞ ሬዲዮ የሚፈለግበት ቀን ነው። ስለዚህ ሬዲዮው ከሞተሩ ባትሪ የተለየ የራሱ ባትሪ ይኑረው። ያረፈ የእርሳስ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 12 ላይ ከወረደ ሊያልቅ ነው። በሶላስ መርከቦች ላይ ይህ በሕግ የተወሰነ ነው፤ መጠባበቂያው ኃይል፣ መርከቡ የአደጋ ጊዜ ጄኔሬተር ካለው ለአንድ ሰዓት፣ ከሌለው ለስድስት ሰዓት መብቃት አለበት።

አንቴና ሳይገጠም ቁልፍ መጫን የሬዲዮውን የማሰራጫ ክፍል ሊያቃጥል ይችላል። በአንቴናው ገመድ ጫፍ ላይ ያለውን ማያያዣ በየጊዜው ፈትተው ይመልከቱ፤ መዳቡ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነ ውኃ ገብቷል ማለት ነውና ቆርጦ አዲስ መግጠም እንጂ መወልወል መፍትሔ አይሆንም።

በትልልቅ መርከቦች ላይ የዲኤስሲ የውስጥ ሙከራና የባትሪ ቮልት በየቀኑ ይመዘገባሉ። ኢፐርብ የሚባለው በ406 ሜጋኸርዝ ወደ ሳተላይት የሚጮኸው መሣሪያ፣ ሳርት የሚባለውም በራዳር ላይ አሥራ ሁለት ነጥቦች የሚያሳየው መሣሪያ በየወሩ ይፈተሻሉ፤ ፍተሻው የሚደረገው በመሞከሪያ ቁልፋቸው ብቻ ነው። በእጅ የሚያዙት የሕይወት ማዳኛ ሬዲዮዎች ከ16 ሌላ በሆነ ቻናል ይሞከራሉ።

የምስክር ወረቀት እድሳት

በኤስቲሲደብሊው የተሰጠ ጂኦሲ በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል። ለማሳደስ ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ በድምሩ ቢያንስ 12 ወር፣ ወይም ከእድሳቱ በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ሦስት ወር የባሕር አገልግሎት ማሳየት ያስፈልጋል፤ ይህ ከሌለ ማደሻ ኮርስ ወይም ፈተና ይጠየቃል። በመርከብ ሠርተው ወደ ባሕር ዳር የተመለሱ ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፦ በጣና ላይ በጀልባ የሠሩት ጊዜ፣ የቱንም ያህል ረጅም ቢሆን፣ ሐይቁ የውስጥ ውኃ ስለሆነ እንደ ባሕር አገልግሎት አይቆጠርም። ወደ ባሕር የመመለስ አሳብ ያለው ሰው የወረቀቱ ጊዜ ከማለፉ ቢያንስ ግማሽ ዓመት ቀደም ብሎ የአገልግሎት መጽሐፉን አውጥቶ ወራቱን ይቁጠር፤ የጎደለው ካለ የማደሻ ኮርሱን ያኔ ይመዝገብ።